የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ በአንደኛ ዓመት ኮሌጅ፤ ከተማሪው የሚጠበቀውና ለተማሪው የሚሰጠው ሥራ (ከገደብ ወረዳ አንጻር የቀረበ ሂሳዊ ግምገማ)

መግቢያ

በ2012 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት መርሐ ግብርን መልሰው ሲጀምሩ ከተካተቱት የጋራ ኮርሶች አንዱ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» የተሰኘው ነው። ኮርሱ ሦስት ክሬዲት ሰዓት ያለው ሲሆን ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀው የማስተማሪያ ሞጁል ሰባት ምዕራፎችን ይዟል። የሞጁሉ ረቂቅ ለውይይት በቀረበ ጊዜ የተነሣው ክርክር በምሁራንም ሆነ በሕዝብ ዘንድ ሰፊ እንደ ነበር ይታወሳል። ክርክሩ ግን ከሞላ ጎደል ያተኮረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ይኸውም «በመጽሐፉ ውስጥ ምን ይግባ? ምንስ ይውጣ?» የሚለው ነው። «ተማሪው በዚህ መጽሐፍ ምን ሥራ ይሥራበት?» የሚለው ሌላው ጥያቄ የሚገባውን ያህል ትኩረት ሳያገኝ ቀርቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛውን ጥያቄ ማንሣት ነው። ኮርሱ ከተማሪው ምን ይጠብቃል? የሚጠብቀውን ውጤት ለማግኘትስ ምን ዓይነት ሥራ ያሠራዋል? በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ነው? ለግምገማው መነሻ እንዲሆን የተመረጠው ከገደብ ወረዳ የሚመጣ ተማሪ ሁኔታ ነው። ገደብ በጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ በስተደቡብ፣ ከይርጋ ጨፌና ከኮቸሬ ቀጥሎ የሚገኝና ከጉጂ ምድር ጋር የሚዋሰን የቡናና የእንሰት አገር ነው። ወረዳው የተመረጠው የታሪክ ትምህርት ጥቅምና ጉዳት በግልጽ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱ በመሆኑ ነው።

ኮርሱ ከተማሪው የሚጠብቀው

የሞጁሉ የመጀመሪያ ምዕራፍ በሚገባ የታሰበበት ነው ለማለት ይቻላል። የታሪክን ምንነትና ጥቅም፣ የአንደኛ ደረጃና የሁለተኛ ደረጃ ምንጮችን ልዩነት፣ የቃል ትውፊት እንደ ምንጭ ያለውን ዋጋና ድክመት፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ታሪክ አጻጻፍ ያለፈበትን መንገድ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1681 የላቲን ታሪኩን ካሳተመው ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ አንሥቶ እስከ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከዚያም በዩኒቨርሲቲ ደረጃ እስከ ተቋቋመው የታሪክ ትምህርት ክፍል ድረስ ያለውን ጉዞ ያሳያል። ይህን ምዕራፍ የሚያነብ ተማሪ አንድ መሠረታዊ ቁም ነገር እንዲጨብጥ ይጠበቃል፤ ይኸውም ታሪክ ያለፈው ነገር ሁሉ ዝርዝር ሳይሆን፣ ማስረጃ ተፈልጎ፣ ተመርምሮና ተመዛዝኖ የሚደረስበት ዕውቀት መሆኑን ነው።

ይህ ተስፋ ትልቅ ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ምዕራፍ የተነገረው የምርመራ ዘዴ በቀሩት ስድስት ምዕራፎች ውስጥ በሥራ ላይ ሲውል አይታይም። ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ትረካው ከሰው ዘር አመጣጥ ተነሥቶ በአክሱም፣ በዛጉዌ፣ በመካከለኛው ዘመን መንግሥታትና ሱልጣኔቶች፣ በሕዝቦች እንቅስቃሴ፣ በዘመነ መሳፍንት፣ በዳግማዊ ቴዎድሮስና በተከታዮቻቸው ዘመን አድርጎ እስከ እ.ኤ.አ. 1995 ድረስ ይዘልቃል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ምንጩ ራሱ ለተማሪው የሚቀርብበት ጊዜ እምብዛም የለም፤ ለተማሪው የሚደርሰው ከምንጩ የተወሰደው መደምደሚያ ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ የሚቀርቡት ጥያቄዎችም በአብዛኛው «ግለጽ»፣ «አብራራ»፣ «ተወያይ» የሚሉ ናቸው። ለእነዚህ መልስ ለመስጠት ደግሞ የምዕራፉን ቃል መድገም ይበቃል። መዝራትን ካስተማሩ በኋላ ከገበያ የተሸመተ እህል ማቅረብ ማለት ይኸው ነው።

ስፋትና ጊዜ

የችግሩ አንዱ ምክንያት የይዘቱ ስፋት ነው። ሦስት ክሬዲት ሰዓት ያለው ኮርስ በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይኖረዋል። ከዚህ ላይ ለፈተናና በልዩ ልዩ ምክንያት ለሚባክነው ጊዜ ስምንት ሰዓት ያህል ቢቀነስ 40 ሰዓት ይቀራል። ይህ ለሰባት ምዕራፎች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በእነዚህ ስድስት ሰዓቶች መምህሩ እ.ኤ.አ. ከ1800 እስከ 1941 ያለውን ዘመን፣ ማለትም የዘመነ መሳፍንትን ማብቂያ፣ የዐድዋን ጦርነት፣ የደቡቡን ወደ ማዕከላዊ መንግሥት መጠቃለልና የጣሊያንን ወረራ አስተምሮ እንዲጨርስ ይጠየቃል።

በዚህ ሁኔታ መምህሩ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ሁሉን በሩጫ ያዳርሳል፣ ወይ ጥቂቱን በጥልቀት አስተምሮ ሌላውን ለተማሪው ንባብ ይተዋል። ፈተናው ከሁሉም ምዕራፎች እስከ ወጣ ድረስ የመጀመሪያውን መምረጡ አያስገርምም። የሚዘጋጀው ፈተናም ለማረም የሚያመች ይሆናል፤ «እውነት ወይም ሐሰት»፣ «ምረጥ»፣ «አዛምድ»። የቡድን የቤት ሥራ ሲሰጥም ርእሱ እንደ «የአክሱም መንግሥት አነሣስና ውድቀት» ያለ ሰፊ ይሆንና አንዱ ይገለብጣል፤ አራቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። ይህን ያስተማረም የተማረም ያውቀዋል። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱን በመምህሩ ወይም በተማሪው ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይሆንም። ሁለቱም ዕቅዱ ያዘዛቸውን ፈጽመዋልና።

ሌላው ምክንያት ቋንቋ ነው። ከገደብ የሚመጣ ተማሪ በቤቱ ጌዴኡፋ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር አፋን ኦሮሞ፣ በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይናገር ይሆናል። ታሪኩን የሚማረውና የሚፈተነው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ እንደ ነበሩ ሲታሰብ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ተማሪዎች ከምን ዓይነት የዝግጅት ሁኔታ እንደሚመጡ መገመት አያዳግትም። ከባድ ንባብ በባዕድ ቋንቋ ለሚያነብ ተማሪ ቀላሉ መንገድ ሽምደዳ ነው። ስለዚህም ብዙ ገጽ ከማንበብ ይልቅ ጥቂት ገጽ ደጋግሞ ማንበብና በራስ አነጋገር መጻፍ ለእርሱ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ጌዴኦ በመጽሐፉ ውስጥና ከመጽሐፉ ውጭ

የሞጁሉ ሰባተኛ ምዕራፍ ከነፃነት በኋላ ስለ ተነሡት የገበሬ ዐመፆች ሲያትት እ.ኤ.አ. በ1960 የተቀሰቀሰውን የጌዴኦ ገበሬዎች ዐመፅ ጠቅሷል። ይህ በጎ ነገር ነው። የገደብ ተማሪ ከአክሱም እስከ ጎንደር ሲጓዝ ቆይቶ በመጨረሻ የአያቶቹን ስም ያገኛል። በመሬት ጉዳይ፣ በቡና ምርትና ለባለ ርስት በሚከፈለው ድርሻ የተነሣው ይህ ዐመፅ በሚችሌ ላይ ወደ ግጭት አድርሶ የብዙ ሰው ሕይወት እንደ ጠፋበት የታወቀ ነው። ሞጁሉ ግን ጉዳዩን በአጭር አንቀጽ ነክቶ ያልፈዋል። ተማሪው ከዚህ የሚያተርፈው አንድ ዓመተ ምሕረትና አንድ የቦታ ስም ሲሆን፣ ይህም ለምርጫ ጥያቄ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ለዚህ አንድ ርእስ ማስረጃ የሚሆን ነገር ከኮርሱ ሌሎች ርእሶች ይልቅ ለተማሪው ቅርብ ነው። የቃላድን፣ የገባርን፣ የጭሰኛን ነገር ከአባቶቻቸው የሰሙ አዛውንቶች በየሶንጎው ይገኛሉ። ቻርልስ ማክሌላን የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ጌዴኦ ከእ.ኤ.አ. 1895 እስከ 1935 በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ያሳለፈውን ዘመን የሚመረምር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1988 አሳትሟል። ስለዚህ የቃል ምስክርነትን ከተጻፈ ጥናት ጋር የማስተያየት ሥራ፣ ማለትም የመጀመሪያው ምዕራፍ የታሪክ ባለሙያ ሥራ ነው ያለውን ነገር፣ ተማሪው በራሱ ወረዳ ሊሠራው ይችላል። እንዲሠራው የሚጠይቀው የለም እንጂ።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከትክል ድንጋዮች እንውሰድ። ጌዴኦ በቱቱ ፈላ፣ በጨልባ ቱቱቲና በሌሎችም ሥፍራዎች በሚገኙት ትክል ድንጋዮቹ የታወቀ ነው። ለረጅም ጊዜ እነዚህ ድንጋዮች የቆሙት በመካከለኛው ዘመን እንደሆነ ሲገመት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የአርኪዮሎጂ ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ በተባለው ሥፍራ የሚገኙት ድንጋዮች በአንደኛው ምእት ዓመት ገደማ የቆሙ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ በማስረዳት ቀደም ሲል የነበረውን ግምት በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መልሶታል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር ከእንሰትና ከቡና ጥምር እርሻው፣ ከባህላዊ ደኖቹና ከትክል ድንጋዮቹ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሞጁሉ የተዘጋጀው ከሁለቱም በፊት በመሆኑ እነዚህን ባይዝ አይወቀስም። ሊወቀስ የሚገባው፣ አዲስ ማስረጃ የቆየን መደምደሚያ እንዴት እንደሚለውጥ ተማሪው የሚያይበት ቀዳዳ ያልተተወለት መሆኑ ነው። አንድ ሺህ ዓመት በአንድ ጥናት ሲንቀሳቀስ ያየ ተማሪ ታሪክ ያለቀለት ነገር አለመሆኑን ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል።

ጉዳዩ ከክፍል ውጤት የሚያልፍበት ምክንያት

«ይህ ሁሉ የማስተማር ዘዴ ጉዳይ ነው፤ ተማሪው ዞሮ ዞሮ ኮርሱን አልፎ ወደ ሙያው ይሄዳል» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለዚህ መልስ ለመስጠት በ2010 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተነሣው ግጭት ከስምንት መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ብዙ ተፈናቃዮች ከተጠለሉባቸው ወረዳዎች አንዱ ገደብ ነበር። ትምህርት ቤቶችና የእምነት ተቋማት መጠለያ ሆኑ። ጌዴኦና ጉጂ በጋብቻ፣ በገበያና በባህል የተሳሰሩ ጎረቤቶች ናቸው። ደም ሲፈስ የሚታረቁበት የጎንዶሮ ሥርዓትም አላቸው። የጌዴኦ ባሌና የጉጂ ገዳ ሥርዓቶችም በዕድሜ እርከንና በሥልጣን ርክክብ ላይ የተመሠረቱ የሚነጻጸሩ ተቋማት ናቸው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ታሪክ ከቤተ መጻሕፍት ወጥቶ በአደባባይ ይነገራል። «ይህ መሬት የማን ነበር?» «ማን ቀድሞ መጣ?» «ማን በማን ላይ ምን ሠራ?» የሚሉት ጥያቄዎች ከሁሉም ወገን ይነሣሉ። ለእያንዳንዱም ጥያቄ ከየወገኑ እርግጠኛ መልስ ይሰጣል። በዚህ መካከል የሚቆመው ወጣት ምሩቅ፣ በተለይም ተመልሶ በገደብ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው፣ የሚያስፈልገው የነገሥታት ዝርዝር አይደለም። የሚያስፈልገው «ይህን ማን ተናገረ? መቼ ተናገረ? በምን ያውቃል? ሌላውስ ወገን ምን ይላል?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው። የአንደኛ ዓመቱ ኮርስ ይህን ልማድ የሚያስይዘው ምናልባት ለብዙዎቹ ተማሪዎች የመጨረሻው ዕድል ነው፤ የታሪክ ትምህርት ክፍል ከሚመርጡት ጥቂቶች በቀር የቀሩት ከዚያ በኋላ የታሪክ ክፍል ውስጥ አይቀመጡምና። ሽምደዳ ያስተማረ ኮርስ አንድ የተጻፈ ትረካን በቃል መያዝ ያስተማረ ነው። አንድ ትረካ መያዝ የለመደ ሰው ደግሞ ሌላ ትረካ ይዞ የሚመጣ በብርቱ ድምፅ የሚናገር ሰው ሲያጋጥመው የሚመዝንበት ሚዛን የለውም።

ከሌላ አገር ልምድ

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኮሌጆች የሚሰጠው የአገሪቱ ታሪክ አጠቃላይ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1877 አካባቢ በሁለት ተከፍሎ በሁለት መንፈቀ ዓመት ይሰጣል። በቴክሳስ ግዛት እንዲያውም ተማሪው በመንግሥት ኮሌጅ ለመመረቅ ስድስት ክሬዲት ሰዓት የአሜሪካ ታሪክ እንዲወስድ በሕግ ተደንግጓል። እንግዲህ ጥቂት ምእት ዓመታትን ለሚሸፍን ታሪክ የተመደበው ጊዜ፣ እኛ ከሰው ዘር አመጣጥ አንሥቶ ለሚተረከው ታሪክ ከመደብነው እጥፍ መሆኑ ነው።

ያም ሆኖ በዚያም «ሁሉን ማዳረስ» የተባለው ዘዴ ተተችቷል። ሌንዶል ካልደር የተባለው የታሪክ መምህር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ ኮርሱ ዘመንን ከማዳረስ ይልቅ የታሪክ ባለሙያ የሚያስብበትን መንገድ ገልጦ ማሳየት እንደሚገባው ተከራክሯል። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ለከፍተኛ ደረጃ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚሰጠው የአሜሪካ ታሪክ ፈተና ላይ «በሰነድ ላይ የተመሠረተ ጥያቄ» የተባለው ዓይነት ተጨምሯል። በዚህ ጥያቄ ተማሪው ጥቂት አጫጭር ሰነዶች ቀርበውለት እነርሱን አገናዝቦ የራሱን መደምደሚያ በማስረጃ አስደግፎ ይጽፋል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት በፈተና ላይ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ በማስተማር ላይ ትልቅ ለውጥ እንደሚያስከትል ነው። መምህር የሚያስተምረው ለሚጠየቀው ነገር ነውና።

ሊሠራ የሚችል

ሞጁሉን እንደ ገና መጻፍ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ግን ባለው መጽሐፍና ባለው ሰዓት ሊደረጉ የሚችሉ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከሰባቱ ምዕራፎች ሁለቱን ለጥልቅ ሥራ መርጦ የቀሩትን ለንባብና ለአጭር መልመጃ መተው። ለምሳሌ ከስድስተኛው ምዕራፍ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ቢወሰድ፣ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ ልዩነት ለአንድ ሳምንት ትምህርት ይበቃል። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አማካይነት መገልገል እንደሚቻላቸው ሲል፣ ጣሊያንኛው የግድ ያደርገዋል። አንድ ግስ ወደ ዐድዋ ከወሰዱት ምክንያቶች አንዱ እንዴት እንደሆነ በሰነዱ ላይ ያየ ተማሪ ምንጭን አስተውሎ ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ አይረሳም።

ሁለተኛ፣ የቡድኑን የቤት ሥራ በአንድ ገጽ ተኩል የግል ጽሑፍ መተካት። ርእሱ ጠባብና ከተማሪው አካባቢ የተወሰደ ይሁን። የገደብ ተማሪ ስለ ጌዴኦ ዐመፅ ወይም ስለ ትክል ድንጋዮቹ፣ የሌላው ወረዳ ተማሪም ስለ ራሱ አካባቢ አንድ የቃል ምስክርነትና አንድ የተጻፈ ምንጭ አስተያይቶ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ይጻፍ። ተማሪዎች በአገር አቀፍ ምደባ ከልዩ ልዩ ክፍለ አገር ስለሚገናኙ፣ ጽሑፎቹ በክፍል ሲነበቡ አገሪቱ ራሷ በክፍሉ ውስጥ ትሰበሰባለች። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በ2010 ዓ.ም. እንደ ደረሰው ያለ ቁስሉ ያልጠገገ ጉዳይ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የመስክ ሥራ ሆኖ መሰጠት የለበትም። መመርመርን በራቀው መለማመድ፣ በቅርቡ ነገር ላይ በእርጋታ ለመነጋገር ያበቃል።

ሦስተኛ፣ ከመጨረሻው ፈተና ቢያንስ ሲሶው በሰነድ ላይ የተመሠረተ ጥያቄ እንዲሆን ማድረግ። ይህ ሳይሆን ከላይ የተባሉት ሁለቱ ነገሮች ፍሬ አይሰጡም።

ዕቅድ አውጭዎች በተለይ የሚያነሡት የሰው ኃይል ጥያቄ ነው። አንድ መምህር ሃምሳ ሃምሳ ተማሪ ያሉባቸው ሦስት ክፍሎች ቢይዝ 150 ጽሑፎች ይደርሱታል። እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ቢወስድ 25 ሰዓት የእርማት ሥራ ማለት ነው። ይህ ሸክም ነው፤ ነገር ግን በመንፈቀ ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣና በመምህሩ የሥራ ሰዓት ስሌት ውስጥ ሊገባ የሚችል ሸክም ነው። ስሌቱ ውስጥ ካልገባ ግን መምህሩ በበጎ ፈቃዱ ብቻ እንዲሸከመው መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

የአካባቢ ታሪክ አንድነትን ይከፋፍላል የሚለው ሥጋትም ሊነሣ ይችላል። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። የአካባቢ ታሪክ ያለ ምርመራ ሲነገር በእርግጥ ሊከፋፍል ይችላል። ብሔራዊው ታሪክም ያለ ምርመራ ሲነገር እንዲሁ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የምርመራው መኖርና አለመኖር ነው እንጂ የታሪኩ ትንሽነትና ትልቅነት አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከተው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ኮርስ በመጀመሪያው ምዕራፉ የገባው ቃል መልካም ነው። ቃሉን የሚያፈርሰው የይዘቱ ስፋት፣ የጊዜው እጥረትና ከሁሉም በላይ ለተማሪው የሚሰጠው ሥራ ዓይነት ነው። በ1988 ዓ.ም. በመምህራን ትምህርትና በጤና ሳይንስ ኮሌጅነት ሥራ የጀመረውን የዲላ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በየተቋሙ ያሉ የታሪክ መምህራን፣ ፈተናውን በጋራ አሻሽለው አንድ መንፈቀ ዓመት ቢሞክሩት የሚጠፋ ነገር የለም። የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም የዩኒቨርሲቲውን ለውጥ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ አንድ ሰነድ፣ አንድ አዛውንትና አንድ ጥያቄ በገደብ ትምህርት ቤትም ይገኛሉ። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከመድረሱ በፊት «በምን አወቅህ?» ተብሎ መጠየቅን ለምዶ ከሄደ፣ የኮርሱ ግማሽ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቀዋል።